ሩብ ዙር

እኛ ቤት፣ እናቴ የጠገነችው ነገር ውሃ አያነሳም ይባል ነበር። ይህን የሚሉት ሰዎች የሚኖሩት እሷ በምትጠግነው ሞተር ነው። አሁን ስጽፈው እንኳ ደሜ ይፈላል። ያኔ ግን ገና ዘጠኝ ዓመቴ ነበርና እኔም አብሬያቸው እል ነበር።

ጀልባዋ የአያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ነበረች። ሰው ከዚህ ዳር ወደዚያ ዳር የምታሻግር፣ ወገበ ሰፊ፣ ሰማያዊ ቀለሟ የተላላጠ የእንጨት ጀልባ። አያቴ አርጅተው መንዳት ሲያቆሙ መሪውን አባቴ ያዘ፤ ገመድ የምትፈታውና ተሳፋሪ የምታስገባው አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ነበረች፤ ሞተሩ ደግሞ የእናቴ። እናቴ ሞተር የተማረችው ከአባቷ ነው። አባቴ ሲያገባት «በአንድ ድግስ ሚስትም ሜካኒክም አገባሁ» ብሎ ሰዉን ያሳቀ ጊዜ እሷም ስቃ ነበር አሉ። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

በዚያ የነፋስ ወራት ሞተሩ ናፍጣ ማፍሰስ ጀመረ። ተሳፋሪው ልብሳችን ሸተተ ብሎ ያጉረመርማል፣ ከጀልባዋ ኋላ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ይንሳፈፋል፣ አክስቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ትዞራለች። ትምህርት ቤት ደግሞ እኔን «የናፍጣ ልጅ» ይሉኝ ነበር። እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ ጣቶቿ ስለሚሸቱ ነው። በዚህ የምናደደው በልጆቹ መሆን ሲገባው በእሷ ነበር።

እናቴ የሚያፈስበትን ቦታ የምታገኝበት መንገድ ነበራት። መጀመሪያ ሞተሩን በጨርቅ ታደርቀዋለች፤ ሕፃን ታጥቦ በየጣቱ መሀል እንደሚደረቀው አድርጋ። ከዚያ የትንሹን ወንድሜን ፓውደር ታመጣና ቧንቧዎቹን፣ እነሱን የሚያያይዙትን ዳዶዎች፣ ማጣሪያውን ሁሉ ነስንሳ ነጭ ታደርጋቸዋለች። አክስቴ ይህን ስታይ ታብዳለች።

«ልጁ በላብ ሽፍታ አለቀ፤ እሷ ሞተር ታሽሞነሙናለች!»

እናቴ ሞተሩን አስነስታ፣ ባትሪዋን ይዛ፣ ወለሉ ላይ ካለው መክፈቻ ወርዳ ትንበረከካለች። እኔ ከላይ በሆዴ ተኝቼ አያታለሁ።

«ናፍጣ ሌባ ነው» ትለኛለች ቀና ሳትል። «ጠብታው የተንጠለጠለበት ቦታ የወጣበት አይደለም። ከላይ ይወጣል፣ በቧንቧው ተንሸራቶ ይወርዳል፣ ታች ሄዶ ይንጠባጠባል። ያየሽውን ጠብታ ይዘሽ ብታጠብቂ ያላጠፋውን ነው የምትቀጪው።»

ነጩ ፓውደር ላይ አንድ ቦታ ጠቆር ያለ ነጥብ ብቅ ይላል። እሱን ስታገኝ «ናማ ወዲህ» ትለዋለች፣ ሰው ይመስል። ፈትታ ወደ ቤት ታመጣና፣ ቀለበት የሚመስሉትን የመዳብ ሮንዴላዎች ምድጃ ላይ ፍም እስኪመስሉ ታግላቸዋለች፤ ከዚያ ተሽ አድርጋ ውሃ ውስጥ ትጥላቸዋለች። መዳብ አንዴ ከተጨመቀ ይደርቃል፣ እሳት ነው የሚያለሰልሰው ትላለች። መልሳ ስትገጥም ዳዶውን በእጇ እምቢ እስኪላት ታዞረዋለች። ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር።

«ሩብ ዙር ብቻ። መዳብ ለስላሳ ነው። ካስጨነቅሽው ይሰነጠቃል።»

እንደገና ደርቆ፣ እንደገና ፓውደር ተነስንሶ፣ ሞተሩ ተነስቶ ሲያጓራ ነጩ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። እናቴ ያን ጊዜ ወገቧን ይዛ ቆማ የምታየውን አስተያየት በሌላ በምንም ነገር ላይ አላየሁትም፤ በእኛ በልጆቿም ላይ ቢሆን።

አመሻሽ ላይ አያቴ ይመጣሉ። ጀልባዋን ሳይዳብሷት ውለው አያድሩም። ረጅም መፍቻ ይዘው ይወርዳሉ፤ እጀታው ላይ የብረት ቧንቧ ሰክተው ደግሞ ያስረዝሙታል። አንዱን ዳዶ ይዘው፣ እግራቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው፣ «እህህ» ብለው ይስባሉ። ከዚያ ቀጣዩን። ብረቱ ሲያንቋርር እሰማለሁ። ሲጨርሱ ላባቸውን እየጠረጉ ይወጡና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉኛል። «እናትሽ ሥራ ስለሚበዛባት ነው እንጂ ክፋት የላትም። የላላውን እኔ አያታለሁ።»

እኔም እሷ የጀመረችውን አያቴ ጨረሱት እል ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ሽማግሌ ሰው፣ ጉልበታቸው ያለቀ፣ ለእኛ ብለው ሲደክሙ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሞተሩ እንደገና ሲያፈስ፣ ያ ሁሉ የአያቴ ልፋት በእናቴ እጅ ገደል ገባ ብዬ አዝን ነበር።

ካደግሁ በኋላ አንድ ጋራዥ ገብቼ ሜካኒኩን የመዳብ ቧንቧ አፍ አሳየኝ አልኩት። አሳየኝ። አፉ እንደ ጥሩንባ ተከፍቶ ዳዶው ውስጥ ይቀመጣል። ዳዶው ልክ ሲጠብቅ ይታተማል። ከዚያ በላይ ሲጠብቅ ግን አፉ ይሳሳል፣ ይሳሳል፣ በመጨረሻም እንደ ብርጭቆ ጠርዝ ይሰነጠቃል። ሜካኒኩ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ፊቴን ሲያይ መሳቁን ተወ።

እናቴ አላወቀችም ወይ? አውቃለች። ሰው ባለበት ተናግራለችም። አንድ አመሻሽ አያቴ መፍቻቸውን ይዘው ሲወርዱ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባባ፣ እሱን እኔ አጥብቄዋለሁ። ባይነኩት ይሻላል፤ ቧንቧው ይጎዳል» አለቻቸው።

አያቴ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። «አይዞሽ ልጄ። የሴት ጉልበት ነው፣ አይፈረድብሽም። እኔ አለሁልሽ።»

«ጉልበት አይደለም አባባ። ሩብ ዙር ነው የሚፈልገው።»

አክስቴ ከላይ ሆና ሰምታ ኖሯል። «እሰይ! አባቴን ደግሞ ጀልባቸውን ልታስተምራቸው ነው!» ብላ ጮኸች። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።»

በማግስቱ አባቴ እናቴን ይዞ አያቴ ቤት ሄደ። ይቅርታ ጠየቀች። አያቴ ለምን ይቅርታ እንደምትጠይቅ እንኳ አልገባቸውም፤ ፈገግ ብለው ሻይ አስቀዱላት። እኔ አባቴ አጠገብ ተቀምጬ፣ እናቴ ትልቅ ሰው ስላስቀየመች ሐፍረት እየበላኝ ነበር።

የዚያ ሰሞን ነው አባቴና እናቴ ከግድግዳው ወዲያ ሲጨቃጨቁ የሰማኋቸው። ወንድሜን እያስተኛሁ ነበር። እናቴ የሆነ ነገር ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ብረት ቀጭ አለ።

«እየው! የዳዶው ማዕዘን ተልጦ ክብ ሆኗል። ይሄ የእኔ መፍቻ ሥራ ነው?»

«አይቻለሁ» አለ አባቴ። «አውቃለሁ። አዲስ ነገር አልነገርሽኝም።»

«ካወቅህ ተናገራ!»

«አልናገርም። ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል አይወጣም። እኔ ችዬ ሸፍኜዋለሁ፤ አንቺም ቻይው።»

«ሰው ይሞታል እኮ! አንድ ቀን መሀል ውሃ ላይ ይቆማል!»

«በሰው ፊት እንዴት አድርጌ ነው የምናገረው? አላፍርም? ዝም አይነቅዝም። ዝም በይ።»

ወንድሜን አቅፌ በጨለማው ውስጥ ሁሉም ነገር ፍንትው አለልኝ። እናቴ ጥፋቷን አምናለች። ልትናገር ትፈልጋለች። አባቴ ግን ስለሚወዳት ሸፍኖላታል፣ ሐፍረቷን ብቻውን ተሸክሟል። እንዲህ ያለ አባት ስላለኝ አለቀስኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባቴን የወደድኩትን ያህል ማንንም ወድጄ አላውቅም። ይህን ፍቅር ዓመታት ተሸክሜው ዞሬያለሁ፤ የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን ማን ነግሮኝ።

እናቴ እንዳለችው ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጀልባዋ ሞልታ፣ እኔ እናቴ እግር ሥር ተቀምጬ፣ መሀል ስንደርስ ሞተሩ ሳል ሳል አለው። ሁለቴ አስነጠሰ፤ ከዚያ ጸጥ። ያን ጊዜ ነው የነፋሱ ድምፅ የተሰማኝ። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ወደ አለቶቹ መንሸራተት ጀመረች። አንዲት ሴትዮ የልብስ ስፌት መኪናዋን እንደ ልጅ አቅፋ ጮኸች። ወፍራም ሰውዬ ተንበርክኮ መጸለይ ጀመረ፤ ሲጸልይም የጎረቤቱን ጫማ ጨብጦ ነበር።

አባቴ መክፈቻውን ከፍቶ አየ። «ደረቅ ነው! አንድ ጠብታ የለም። ምኑ ነው ያፈሰሰው?»

«አሁን እያፈሰሰ አይደለም» አለች እናቴ፣ ጫማዋን አውልቃ እየወረደች። «እየሳበ ነው። ከታንከሩ ወደ ፓምፑ በሚሄደው ቧንቧ አየር እየገባ ነው።»

ከወለሉ በላይ የቀረው ተረከዟ ብቻ ነበር። ፓውደር አልነሰነሰችም፣ አልፈለገችም። በቀጥታ ወደ አንዲት ቧንቧ ሄዳ በአውራ ጣቷ ያዘቻት። «ሳሙና!» አለች። ከአንዲት ተሳፋሪ ዘንቢል ሳሙና ተሰጣት። ስንጥቁ ውስጥ ሳሙናውን አሽታ ሞላችው፣ በላዩ ላይ ከብስክሌት ጎማ የተቀደደ ላስቲክ ጠመጠመች፣ በጥርሷ ስባ አሰረችው። ከዚያ ማጣሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አላልታ የእጅ ፓምፑን ትመታ ጀመር። አረፋ ወጣ። ገና አረፋ። ከዚያ ጥርት ያለ ናፍጣ። ብሎኗን ዘጋችና «አስነሳ!» ብላ ጮኸች። ተነሳ። አለቶቹ ላይ ያሉት ወፎች በድምፁ ደንግጠው በረሩ፤ ያን ያህል ቀርበን ነበር።

አክስቴ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት «አየሻት?» አለቻት። «በቀጥታ ነው የሄደችው። ያበላሸ ሰው ነው የተበላሸበትን የሚያውቀው።» ለእኔም ልክ መሰለኝ። በእርግጥ ታውቅ ነበር። ትናንት ማታ አያቴ የትኛው ዳዶ ላይ «እህህ» እንዳሉ ታውቅ ነበር።

ዳር ስንደርስ ተሳፋሪው መሬት ሲረግጥ ፍርሃቱ ቁጣ ሆነ። «ነፍሳችንን ለሴት እጅ አስረክባችሁ!» የሚለው ያ የጎረቤቱን ጫማ የጨበጠው ሰውዬ ነበር፤ ያዳነችው ሴት እጅ መሆኗን ረስቶት። አያቴ ድንጋጤ ፊታቸውን አመድ አስመስሎት መወጣጫው ላይ ቆመዋል። አባቴ ወደ አባቱ አየ። ወደ እናቴ አየ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ።

«ጥፋቱ የባለቤቴ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሞተሩን ከዛሬ ጀምሮ አትነካውም። ሌላ ሜካኒክ አመጣለሁ። ይቅርታ አድርጉልን።»

ሰዉ «ወንድ ነህ» አለው። እናቴ እጇ ላይ ሳሙና እንደደረቀ፣ ከንፈሯ ላስቲኩን ስትስብ ተቆርጦ እየደማ፣ ቆማ አየችው። እኔ ግን በአባቴ ኮራሁ። እስከ መጨረሻው ሸፍኖላት፣ የሰው ነፍስ ላይ ሲደርስ እውነቱን ተናገረ ብዬ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህንን። ያደግሁበት ቤት እንዲህ ያለውን ሰው ጨዋ ነው የሚለው።

ሜካኒኩ መጣ። ኮፍያውን አዙሮ የሚያደርግ፣ ሆዱ መክፈቻው ውስጥ አልገባ ብሎት ያሳቀን ሰው ነበር። እኔም አያቴም አባቴም ከላይ ቆመን እናያለን። ባትሪውን አብርቶ አጎንብሶ አየና ሳቁን ለቀቀው።

«ኧረ ጉድ! ይሄን ዳዶ ማነው እንዲህ ያላመጠው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያቴ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «እየላላ ሲያስቸግር በየማታው አጠብቀዋለሁ።»

«አባት! ይሄ እኮ መዳብ ነው፤ የበር ማጠፊያ አይደለም። እርስዎ ነዎት የሚሰነጥቁት። ሩብ ዙር ይበቃዋል። እባክዎን እጅዎን ያንሱለት!»

አባቴ ጫማውን ያይ ነበር። እኔ አያቴ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አያቴ ግን አገጫቸውን አከኩና ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«እንዲህ ነው እንዴ? ማን ነገረኝ ታዲያ! እሺ ልጄ። ሁለተኛ አልነካውም።»

በቃ። ይኸው ነበር። መሬት አልተከፈተም፣ የማንም ክብር አልወደቀም። አያቴ መፍቻቸውን ለሜካኒኩ መርቀው ሰጡት። ሰውዬው አንዲት ቧንቧ ቀየረ፤ ሌላውን ሁሉ አይቶ «ጥሩ እጅ ነው የሠራው» ብሎ ሳይነካው ወጣ። ሞተሩም ሁለተኛ አላፈሰሰም። የእናቴ አፍ ሲናገረው ድፍረት የነበረው ነገር ከእሱ አፍ ሲወጣ ሙያ ሆነ። ከባሏ አፍ ቢወጣ ደግሞ ገና ያኔ፣ በዚያው ሳቅ፣ ያልቅ ነበር።

እኔ ይህ ሁሉ አልገባኝም። የገባኝ እናቴ ወራት ያላገኘችውን ሰውዬው በአንድ ጠዋት ማግኘቱ ነው። የምሥራች ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ልብስ ታሰጣ ነበር።

«እማዬ፣ ሞተሩ ዳነ!»

«ምን አገኘበት?»

«አባባ እያጠበቁት ነው አለ። እጅዎን ያንሱ አላቸው።»

በእጇ የያዘችው እርጥብ ሸሚዝ መንጠባጠቡን አስታውሳለሁ። «እሳቸውስ? ምን አሉ?»

«ሳቁ። እሺ አሉ።»

«እሺ አሉ?»

«አዎ። ማን ነገረኝ ታዲያ አሉ።»

ሸሚዙን ጭቃው ላይ ጣለችው። የአባቴን ሸሚዝ። እንደቆመችበት፣ በቤት ጫማ፣ መንገዱን ይዛ ወረደች፤ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ። መወጣጫው ላይ ተሳፋሪ እየገባ ነው። እናቴ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ጀልባዋ አፍ ላይ ደረሰች።

«በል ንገራቸው!» አለችው አባቴን። እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «በዚያ ቀን በነገርካቸው አፍህ፣ አሁን ንገራቸው! እሺ ብለዋል፤ ሰማህ? እሺ ብለዋል!»

አክስቴ ጆሮዬ ሥር «ቀንታ ነው» አለችኝ። «ሰው ሲሳካለት አትወድም።» ሰዉ ዞር ብሎ አባቴን አየ። አባቴ አፉን ከፈተ። አንዳች ነገር ሊናገር ነው ብዬ ነበር። ከዚያ ጀርባውን ሰጠንና ሞተሩን አስነሳው።

በአንድ ጊዜ ተነሳ። ያ ሞተር እንደዚያ ጥርት ብሎ፣ እንደዚያ ጮክ ብሎ ሠርቶ አያውቅም። እናቴ ትናገራለች፤ አፏ ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፤ አንዲት ቃል አይሰማም። ጀልባዋ ሄደች። ከዚያ በኋላ እናቴ ሞተር ነክታ አታውቅም። ሌሎቹ ባለ ጀልባዎች ስሟን ሰምተዋልና ማንም አልጠራትም። ያን ቀን ምን እንዳለች ካደግሁ በኋላ ጠይቄያት «ረሳሁት» አለችኝ። አልረሳችም።

አያቴን የቀበርን ሰሞን ነው አባቴ ራሱ አፍ አውጥቶ የነገረኝ። ተጸጽቶ እንዳይመስላችሁ። እየኮራ ነበር። «አባቴ አንድ ቀን እንኳ በእኔ አፍ ሳያፍር ሞተ» አለኝ። «ያንን የሞተሩን ነገር አውቄ፣ ችዬ፣ ሸፍኜለት።»

«አንተ ነህ የቻልከው?»

«ታዲያ ማን ነው?»

«እማዬስ?»

«እናትሽ ቻይ ናት።» ሻዩን ፉት አለ። «ዝም አይነቅዝም።»

«አባዬ፣ ይነቅዛል! ሜካኒኩ ሲነግራቸው እኮ ሳቁ! እሺ ነው ያሉት!»

«ያ ባዳ ነው። እኔ ልጁ ነኝ።»

ጠረጴዛውን ልገለብጥበት ቃጣኝ። ለአያቴ ብሎ ያደረገውን ልተውለት፣ የፈራውን ፍርሃትም ልተውለት። አንድ ነገር ብቻ እንዲመልስልኝ ፈለግሁ።

«እሺ፤ እማዬ እዚያ ቆማ እየተናገረች ሞተሩን ለምን አስነሳኸው?»

ግራ ገብቶት አየኝ፤ ይሄም ይጠየቃል እንዴ እንደማለት።

«ሰዓት ደርሶ ነበራ» አለኝ።

አልደረሰም ነበር። ግማሹ ሰው ገና አልተሳፈረም፤ መወጣጫው ላይ ሻንጣውን እንደያዘ ነው ጥሎት የሄደው።